የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል ደብዳቤዎች

የኩርዓተ ርእሱ ሥዕል ደብዳቤዎች የሚባሉት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. (ኦገስት 1872 እ.ኤ.አ.) ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለኧርል ግራንቪል የላኳቸው ደብዳቤዎችና ንግሥቲቱ በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. የሰጡት መልስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብዳቤዎቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ቅርሶች እንዲመለሱላቸው ጠይቀዋል። አንደኛው ክብረ ነገሥት የተባለው የብራና መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ነበር። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ፍለጋ ተደርጎ ዱካው እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ የመጣ እንደማይመስል ተገለጸ። በዚያው ጊዜ ሥዕሉ በንግሥቲቱ በራሳቸው የዊንድሰር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ በሪቻርድ ሪቪንግተን ሆልምስ እጅ ነበር።

ደብዳቤዎቹ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተዘረፈ ቅርስ እንዲመለስ በመንግሥት ደረጃ ካቀረባቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች መካከል ይቆጠራሉ። የሁለቱ ቅርሶች ዕጣ መለያየቱ በሕዝብ ተቋም መዝገብ ላይ የሰፈረ ቅርስና በግለሰብ ቤት የተቀመጠ ቅርስ ምን ያህል የተለያየ ዕድል እንደሚገጥማቸው ያሳያል።

የስሙ ትርጉም

«ኰርዐ» የሚለው የግዕዝ ግስ ራስን በዘንግ ወይም በበትር መታ ማለት ነው። ኩርዓተ ርእሱ ማለትም «ራሱን መመታቱ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ላይ ከተጻፈው ታሪክ ሲሆን፣ ወታደሮች በጌታ ራስ ላይ የእሾህ አክሊል ደፍተው በመቃ እንደ መቱት ይተርካል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ከሚታሰቡት 13ቱ ሕማማተ መስቀል መካከል «ተኰርዖተ ርእስ» አንዱ ነው። በመሆኑም ሥዕሉ ለተመልካቹ የጌታን መልክ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ በስግደትና በጾም የሚታሰበውን መከራ የሚያስታውስ ነበር።

የሥዕሉ መልክና አመጣጥ

ኩርዓተ ርእሱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ አነስተኛ ሥዕል ነው። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ደም ከግንባሩ እየወረደ ያሳያል። አሣሣሉ የኢትዮጵያ ሳይሆን የአውሮፓ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን ሠዓሊው ፍላንድርሳዊ ነው ወይስ ፖርቱጋላዊ በሚለው ቢከራከሩም፣ ሥዕሉ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ እንደተሠራ በአብዛኛው ይስማማሉ።

ያ ዘመን ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር ግንኙነት የነበራት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ገደማ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በኢትዮጵያ ነገሥታት አገልግሎት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ኖሮ ቅዱሳት ሥዕላትን ይሥል ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድንም ላዛሮ ደ አንድራዴ የተባለ ሠዓሊ ነበረው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ኩርዓተ ርእሱን ከዚህ ቡድን መምጣት ጋር ያያይዙታል።

ከውጭ የመጣ ሥዕል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአገር ሀብት ሆኖ መቅረቱ በኩርዓተ ርእሱ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ ከደረሰ በኋላ፣ የአገሩ ሠዓሊዎች በራሳቸው ስልት እየቀዱት ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለው የእመቤታችን ሥዕል የሚታወቅበት መልክ ሆነ። ኩርዓተ ርእሱም እንዲሁ በጎንደር ዘመን በብራና መጻሕፍት፣ በሰሌዳ ሥዕሎችና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተቀድቷል። ዋናው ሥዕል ከአገር ከወጣ በኋላም ቅጂዎቹ ስሙንና መልኩን ጠብቀው አቆይተዋል።

በቤተ መንግሥት የነበረው ክብር

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ኩርዓተ ርእሱ ከመንግሥቱ ዋና ዋና ንዋያተ ቅድሳት አንዱ ነበር። ከአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን ጀምሮ በዜና መዋዕል ተጠቅሶ ይገኛል። ንጉሡ ወደ ዘመቻ ሲወጡ ሥዕሉ ከሠራዊቱ ጋር ይጓዝ ነበር። መኳንንትም ለንጉሡ ታማኝ ለመሆን በሥዕሉ ፊት ይምሉ ነበር። በእርሱ ፊት የተማለ መሐላ ማፍረስ በእግዚአብሔር ፊት የተገባን ቃል እንደ መካድ ይቆጠር ስለነበር፣ ሥዕሉ የጸሎት ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም መሣሪያ ነበር።

በ1736 ዓ.ም. (1744 እ.ኤ.አ.) አፄ ኢያሱ 2ኛ በስናር የፉንጅ ሱልጣኔት ላይ ዘምተው ሠራዊታቸው በተሸነፈ ጊዜ ሥዕሉ በጠላት እጅ ወደቀ። ኋላ ቤዛ ተከፍሎበት ወደ ጎንደር ተመለሰ። ይህ ታሪክ ሥዕሉ ለጎንደር ቤተ መንግሥት ምን ያህል ውድ እንደነበረ ያሳያል። የተማረከ ንዋየ ቅድሳት በድርድር ሊመለስ እንደሚችልም አስቀድሞ የታየ ነገር ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከ128 ዓመት በኋላ ሥዕሉን በደብዳቤ ሲጠይቁ ከዚህ ከቆየ ልማድ የወጣ ነገር አላደረጉም።

መልስ ያጣው የአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ

ሥዕሉን ከኢትዮጵያ ያስወጣው ጦርነት ራሱ ከአንድ ደብዳቤ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ቴዎድሮስ 2ኛ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። መልእክተኞች ወደ እንግሊዝ ለመላክ እንደሚፈልጉ አሳውቀው፣ በዙሪያቸው ባሉት ቱርኮች ላይ ያላቸውን ቅሬታም ገለጹ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። አፄ ቴዎድሮስ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው የእንግሊዙን ቆንስል ቻርልስ ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት የተደረገው ድርድር ሳይሳካ ሲቀር የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ላከ።

የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ መቅደላ ተጓዘ። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ ጦሩ በግዛታቸው እንዲያልፍና ስንቅ እንዲገዛ ፈቀዱ። ዘመቻው ሲያበቃም እንግሊዞች መድፍና ጠመንጃ ሰጧቸው። ስለዚህ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ሰው ለእንግሊዝ ባዕድ አልነበሩም። ውለታ የሠሩ ወዳጅ ነበሩ።

ከመቅደላ የተወሰደው ንብረት

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በእሮጌ ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች መቅደላ አምባን ሲይዙ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ። ወዲያው ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱን፣ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በረበሩ። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራትና ከሌሎችም ቦታዎች ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ ጽዋዎችና ታቦታት በዚያ ተከማችተው ነበር።

የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። እዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በሐራጁ ላይ ዋናው ገዥ ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር በአርኪዮሎጂ ባለሙያነት የመጣው ሪቻርድ ሪቪንግተን ሆልምስ ነበር። ሆልምስ በሙዚየሙ የብራና መጻሕፍት ክፍል ረዳት ሲሆን፣ 350 ያህል የኢትዮጵያ ብራናዎች ለሙዚየሙ አስገኝቷል።

ኩርዓተ ርእሱ ግን ለሙዚየሙ ከተላኩት መካከል አልነበረም። ሥዕሉ በአፄ ቴዎድሮስ መኝታ ክፍል ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ሆልምስ ለራሱ ወሰደውና ወደ እንግሊዝ ይዞት ሄደ። በሙዚየሙ መዝገብም ሳይገባ ቀረ። በኋላ ለተፈጠረው ነገር ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው።

የአፄ ዮሐንስ ደብዳቤዎች

ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። ካሣ ምርጫ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል አድርገዋቸው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን «ዮሐንስ 4ኛ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ዘውድ ደፉ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በዚያን ወቅት ሁለት ፈተና ነበረባቸው። በአገር ውስጥ የየአውራጃው ገዥዎች ገና ሙሉ በሙሉ አልታዘዙላቸውም። በሰሜን በኩል ደግሞ የግብጽ ጦር በ1864 ዓ.ም. ቦጎስን ይዞ ነበር።

ነሐሴ 5 ቀን 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያና ለኧርል ግራንቪል የተጻፉት ደብዳቤዎች የመጡት በዚህ መካከል ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ደብዳቤ በዚያ ዘመን በአማርኛ ይጻፍ ነበር። ማኅተሙም በአውሮፓ እንደሚደረገው ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ከጽሑፉ በፊት ይታተም ነበር። በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል፤ የላኪው ንጉሥ ማዕረግና የተቀባዩ ስም ይከተላል፤ ስለ ጤና ከተጠየቀ በኋላ ወደ ጉዳዩ ይገባል። የአፄ ዮሐንስ ደብዳቤዎች ስቬን ሩበንሰን ሰብስቦ ባሳተመው የኢትዮጵያ ነገሥታት የውጭ ደብዳቤዎች ስብስብ ሦስተኛ ቅጽ ውስጥ ከዘመኑ ሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ይገኛሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከመቅደላ ከተወሰዱት በመቶ ከሚቆጠሩ ዕቃዎች መካከል የጠየቁት ሁለቱን ብቻ ነው። ዘውድ፣ ወርቅና የብር ዕቃ አልጠየቁም። ምርጫው የዘመኑን የመንግሥት አስተሳሰብ ያሳያል።

ክብረ ነገሥት የኢትዮጵያ ነገሥታት ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ መወለዳቸውን የሚተርክ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። የተጠየቀው ብራና ከዚህ ትረካ በተጨማሪ የአገሩን ሕግ፣ የሹማምንትን፣ የአብያተ ክርስቲያናትንና የአውራጃዎችን ስም የያዘ ስለነበር ለአስተዳደር የሚያገለግል መዝገብም ነበር። አፄ ዮሐንስ ለግራንቪል በጻፉት ደብዳቤ መጽሐፉ ከሌለ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገልጸዋል።

ኩርዓተ ርእሱ ደግሞ መኳንንት የሚምሉበት፣ ሠራዊትም የሚዘምትበት ሥዕል ነበር። አዲስ የነገሠ ንጉሠ ነገሥት መጽሐፉን በመያዝ የዘር ሐረጉንና ሕጉን፣ ሥዕሉን በመያዝ ደግሞ የመኳንንቱን መሐላ ያጸናል። በተለይ ከጎንደር ነገሥታት በቀጥታ ላልወረሱት ለአፄ ዮሐንስ፣ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሥዕል በእጃቸው መኖሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው።

የንግሥቲቱ መልስ

የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም አስተላለፈ። ሙዚየሙ መዝገቡን ሲመለከት ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ብራናዎች እንዳሉት አገኘ። የሙዚየሙ ባላደራዎች ከሁለቱ አንደኛው እንዲመለስ ወሰኑ። ብራናው በባላደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን የሚገልጽና ዲሴምበር 14 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. (ታኅሣሥ 6 ቀን 1865 ዓ.ም.) የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተላከ። ከመቅደላ ቅርሶች መካከል በመጀመሪያ የተመለሰው ይህ ነው።

ብራናው ከአፄ ዮሐንስ በኋላ ወደ አፄ ምኒልክ 2ኛ እጅ ገባ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኡግ ለ ሩ በአፄ ምኒልክ ፈቃድ አይቶት ከእርሱ ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሟል። ከዚያም በአዲስ አበባ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። ሁለተኛው ቅጂ እንግሊዝ አገር ቀርቷል።

ንግሥት ቪክቶሪያ ታኅሣሥ 10 ቀን 1865 ዓ.ም. (ዲሴምበር 18 ቀን 1872 እ.ኤ.አ.) ለአፄ ዮሐንስ በጻፉት መልስ መጽሐፉ መገኘቱንና መላኩን አስታወቁ። ስለ ሥዕሉ ግን ምንም ዱካ እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ መምጣቱንም እንደማያምኑ ገለጹ።

ይህ መልስ ለአፄ ዮሐንስ ጉዳዩን ዘጋው። ሥዕሉ ወደ እንግሊዝ ካልመጣ የእንግሊዝን መንግሥት መልሶ መጠየቅ ትርጉም አይኖረውም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው እስኪሞቱ ድረስ ሥዕሉ አልተመለሰላቸውም።

ሥዕሉ በሆልምስ እጅ

ሪቻርድ ሆልምስ ከዘመቻው ከተመለሰ በኋላ በ1870 እ.ኤ.አ. ከብሪቲሽ ሙዚየም ወጥቶ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህን ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ይዞ ቆየ፤ የሰር ማዕረግም አገኘ። ስለዚህ በ1872 እ.ኤ.አ. የሥዕሉ ዱካ የለም የሚል መልስ በንግሥቲቱ ስም ሲጻፍ፣ ሥዕሉን የያዘው ሰው የንግሥቲቱ የቤተ መንግሥት ባለሟል ነበር።

የሙዚየሙ መልስ በራሱ መዝገብ ስለሌለ ዕቃ የተሰጠ በመሆኑ ከመዝገቡ አንጻር ትክክል ነበር። መልሱ ስሕተት የሆነው ከሙዚየሙ መዝገብ አልፎ ስለ አገሩ ሁሉ ሲናገር ነው። ከዘመቻው የተመለሱ መኮንኖችና ወታደሮች ብዙ ዕቃ በየቤታቸው ይዘው ነበር። በመቅደላ የነበረውን ከማንም በተሻለ የሚያውቀው ባለሙያም ራሱ ሆልምስ ነበር።

ሥዕሉ በአደባባይ የታወቀው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። በርሊንግተን መጋዚን የተባለው የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ፎቶግራፉን አትሞ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ የፍላንድርስ ሥዕል መሆኑንና ባለቤቱም ሆልምስ መሆኑን ገለጸ። ይህ ሲሆን ንግሥት ቪክቶሪያም አፄ ዮሐንስም በሕይወት አልነበሩም። ደብዳቤው ከተጻፈ 33 ዓመት አልፎ ነበር።

ከሆልምስ በኋላ

ሆልምስ በ1911 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሥዕሉ በ1917 እ.ኤ.አ. በለንደኑ የክሪስቲ ሐራጅ ቤት ተሸጠ። በ1950 እ.ኤ.አ. እንደገና ለሐራጅ ቀርቦ ፖርቱጋላዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሉዊሽ ረይሽ ሳንቶሽ ገዛው። ምሁሩ ሥዕሉን የፖርቱጋል ሠዓሊ ሥራ አድርጎ ይመለከተው ስለነበር ወደ አገሩ ወሰደው።

በ1998 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛው ማርቲን ቤይሊ ሥዕሉ በፖርቱጋል በግል ይዞታ በባንክ ካዝና ውስጥ እንዳለ ዘ አርት ኒውስፔፐር በተባለው ጋዜጣ ላይ ጻፈ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያው ጋዜጣ የሥዕሉን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ አሳተመ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሥዕሉ ለሕዝብ ዕይታ ሳይቀርብ በግለሰቦች እጅ ቆይቷል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመቅደላን ዝርፊያና የአፄ ዮሐንስን ጥያቄ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው አንሥተዋል። እሳቸው የተሳተፉበትና በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመቅደላ ቅርስ አስመላሽ ማኅበር (አፍሮሜት) ኩርዓተ ርእሱን ሊመለሱ ከሚገባቸው ቅርሶች አንዱ አድርጎ ሲጠይቅ ቆይቷል።

የአፄ ቴዎድሮስ የሞት ሥዕሎች

ከመቅደላ ጋር የተያያዙ ሌሎች ሥዕሎችም አሉ። ሆልምስ ኩርዓተ ርእሱን ባገኘበት ቀን የአፄ ቴዎድሮስን ፊት ከሞቱ በኋላ በእርሳስ ነድፏል። ይህ ንድፍ ከእውነተኛ መልካቸው የተወሰደ በመሆኑ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መልክ ከሚጠቀሱት ምስሎች አንዱ ነው። ሌላ ከጦሩ ጋር የነበረ ሠዓሊም አስከሬናቸውን ሥሎ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠ ጸጉር ይዞ ሄዷል።

ጸጉሩን የሠዓሊው ቤተሰብ በ1959 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጠ። ሙዚየሙ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ ሲቀርብለት ለመመለስ ተስማምቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. (ማርች 2019 እ.ኤ.አ.) ለባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ ለዶክተር ሂሩት ካሳው አስረከበ። እዚህ ላይም ልክ እንደ ክብረ ነገሥት፣ ዕቃው በአንድ ተቋም መዝገብ ላይ የሰፈረ በመሆኑ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ አካል ነበረ።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ከመቅደላ ተወስዶ በእንግሊዝ አደገ። በ1868 እ.ኤ.አ. ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣቻቸው የልዑሉ ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ልዑሉ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ የጸሎት ቤት ተቀበረ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በጻፉት ደብዳቤ አጽሙ እንዲመለስ ጠይቀዋል። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. በሰጠው መግለጫ፣ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን ሳይቀበል ቀርቷል።

ከአፄ ዮሐንስ ጥያቄ በኋላ የተመለሱ ሌሎች ቅርሶች

ከ1865 ዓ.ም. በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከመቅደላ የተወሰደ ነገር አልተመለሰም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከጎበኙበት ጊዜ ጋር በተያያዘ ከአፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ፣ ወርቅ የተቀባው የብር ዘውድ፣ ተመለሰ። የወርቁ ዘውድ ግን በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ቀረ። ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በ1957 ዓ.ም. (1965 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስረክበዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንድ ኤደንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ በብዛት ወጥቶ ተቀብሎታል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ በስጦታ መልክ፣ በሰጪው ፈቃድ የተመለሱ ናቸው። የአፄ ዮሐንስ ጥያቄ ከእነዚህ የሚለየው ጠያቂው መንግሥት የሚፈልገውን ዕቃ በስም ለይቶ፣ ለምን እንደሚያስፈልገውም ገልጾ መጻፉ ነው።

የደብዳቤዎቹ ጠቀሜታ

ደብዳቤዎቹ ለታሪክ ጥናት በሦስት መንገድ ያገለግላሉ። በመጀመሪያ ኢትዮጵያ የመቅደላን ዝርፊያ በዝምታ አልፋዋለች የሚለውን አስተያየት ያፈርሳሉ። ጥያቄው የቀረበው ዝርፊያው ከተፈጸመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በደፉ በወራት ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ የተጠየቁት ዕቃዎች ለኢትዮጵያውያን የነበራቸውን ዋጋ ይመሰክራሉ። ኩርዓተ ርእሱ በለንደንና በሊዝበን የተመዘነው በሠዓሊው ማንነትና በሐራጅ ዋጋው ነበር። ለአፄ ዮሐንስ ግን ማን እንደሣለው አላሳሰባቸውም፤ በደብዳቤያቸው የፈለጉት ነገሥታት የዘመቱበትን፣ መኳንንት የማሉበትን ሥዕል ነው። ሥዕሉ በአውሮፓዊ እጅ መሣሉ የኢትዮጵያ ቅርስ ከመሆን አላገደውም። የኢትዮጵያ ቅርስ ያደረገው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በቤተ መንግሥቱና በሠራዊቱ መካከል የነበረው አገልግሎት ነው።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ አለመሆኑን ያስተምራሉ። የ1872ቱን መልስ ብቻ ያነበበ ሰው ሥዕሉ በመንገድ ጠፍቷል ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። መልሱን ከ1905ቱ የመጽሔት ጽሑፍና ከሐራጅ ቤት መዝገብ ጋር አስተያይቶ የተመለከተ ግን፣ ሥዕሉ በዚያው ጊዜ በዊንድሰር ኃላፊው እጅ እንደነበረ ይረዳል። በዛሬውም የቅርስ ማስመለስ ሥራ ሙዚየሞች የያዙት በመዝገባቸው ስለሚታወቅ ለጥያቄ የተጋለጠ ነው። በግል ቤት ያለው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለሽያጭ ሲቀርብ ብቻ ነው። ክብረ ነገሥት በአራት ወር ጊዜ ውስጥ መልስ ሲያገኝ፣ በዚያው ደብዳቤ የተጠየቀው ኩርዓተ ርእሱ እስከ ዛሬ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም።